34 በተን የተደረደረበት ቱልባር፦ ምኑ ይነሳ፣ ምኑ ይቅር?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። በፓይተንና በኪውት (የፕሮግራም መስኮትና በተን መሥሪያ) የተሠራ የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም አለን። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ያሉ የንብረት ክፍል ሠራተኞች ይገለገሉበታል። ቱልባሩ (ከላይ ያለው የበተኖች መደዳ) በሁለት ረድፍ 34 አይከን ይዟል፣ ጽሑፍ የለውም። አዲስ ሠራተኛ ሞዴል 19 (የገቢ ዕቃ ደረሰኝ) ለመቁረጥ ማውሱን በየአይከኑ ላይ ያንከራትታል፤ ነባሮቹ ግን አንድም እንዳይነካባቸው ይፈልጋሉ። አጠቃቀሙን ለአንድ ወር ቆጥረን ብዙ የማይነኩትን ብናወጣስ? ስክሪኑ 1366 በ768 ነው፣ ዊንዶውሱም ሁሉን በ125 ፐርሰንት አጉልቶ ነው የሚያሳየው።

መልስ 1
መቁጠሩ ደግ ነው፤ የአንድ ወር ቆጠራ ግን ያሳስታችኋል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ የዓመት ቆጠራና ማመሳከሪያ የሚነኩት በሰኔና በሐምሌ ነው። ጥር ላይ ብትቆጥሩ ዜሮ ይመጣል፤ ዜሮ ስለመጣ ካወጣችሁት ደግሞ ሥራው በሚጣደፍበት ሰሞን ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ቱልባሩ ላይ በየቀኑ የሚነካው ይቆይ፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ መከታተያ)፣ ፍለጋ፣ ማተሚያ። የዓመቱን ሥራ «ዓመት መዝጊያ» በሚል ሜኑ ሥር በሥራው ቅደም ተከተል አስቀምጡት።

ስፋቱንም አስሉ። 1366 ለ1.25 ሲካፈል 1093 ገደማ ነው። ጽሑፍ ከሥሩ ያለው በተን 90 ፒክስል ቢይዝ 12 ይገባል። «የገቢ ዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ስምንትም አይሞላም። «ገቢ 19»፣ «ወጪ 22» (ሞዴል 22 የወጪ ዕቃ ደረሰኝ ነው) ይበቃል፤ ሙሉ ስሙ ማውስ ሲያርፍበት ይታይ። ጽሑፉን ለቦታ ብላችሁ እንዳትተዉት፦ ቀስት የሚገባበት ካርቶንና ቀስት የሚወጣበት ካርቶን በ16 ፒክስል አይለዩም። ቦታ ሲያጥር ኪውት የተረፉትን በተኖች በቀኝ ጫፍ ባለች ትንሽ ድርብ ቀስት ውስጥ ይከታቸዋል። ያቺን ቀስት ልብ የሚላት ጥቂት ሰው ነው፤ «በተኑ ጠፋ» ብለው ከደወሉ መጀመሪያ እሷን አስነኳቸው።

መልስ 2
እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቢመርጥ አይሻልም? ሊብሬ ኦፊስ ላይ ቱልባሩን በቀኝ ክሊክ ነክቶ የሚታዩትን በተኖች መምረጥ ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የኪውት ሴቭ ስቴት (የመስኮቱን አቀማመጥ የሚመዘግበው ትዕዛዝ) የሚይዘው የቱልባሩን ቦታና መታየቱን ነው፣ ውስጡ ያሉትን በተኖች አይደለም። የበተኖቹን ዝርዝር ለብቻ መዝግቡ። ለየቱልባሩም ኦብጀክት ኔም (በኮዱ ውስጥ የሚለይበትን ስም) ስጡ፤ ያለሱ ቦታውም አይመለስም።

መልስ 3
ሙሉ በሙሉ ለሠራተኛው መተዉ አይታየኝም። ከደብረ ብርሃን ሆኖ መሐል ሜዳ ላለ ሰው በስልክ «ከግራ ሁለተኛውን ንኩ» ሲባል ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ይቆለፉ፣ ከዚያ በስተቀኝ ያለው ለሠራተኛው ይለቀቅ። በራሱ የሚለዋወጥ ግን አታድርጉት። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2000 ብዙ የማይነኩ ትዕዛዞችን ከሜኑ ይደብቅ ነበር፤ ሰው እጁ የለመደውን ቦታ እያጣ ተቸገረ፣ ኦፊስ 2007 ላይ በሪበን (በየርዕሱ በተከፋፈለ ሰፊ የበተኖች መደዳ) ተተካ።

የኪቦርድ አቋራጮቹን ከኤፍ 2 እስከ ኤፍ 9 ስጧቸው። ኤፍ 1 ለእገዛ ይቅር፣ ኤፍ 10 ሜኑ ይከፍታል። «ገቢ» ላይ «ገ»ን አስምሮ በኦልት ማስከፈት አይሆንም፤ በአብዛኛው የአማርኛ ኪቦርድ «ገ» ሁለት ጊዜ ተነክታ ነው የምትወጣው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። የሚወጡትን በአንዴ እናንሳ?

መልስ 1
በአንዴ አንሷቸው፣ ግን ሰኔና ሐምሌን አሳልፉ። ስምና አይከናቸው ሳይለወጥ ወደ ሜኑ ይግቡ፤ «የድሮው ቱልባር» የሚል ምርጫም ለአንድ የበጀት ዓመት ይቆይ።

መልስ 3
የትዕዛዝ መፈለጊያም ጨምሩ፤ ሊብሬ ኦፊስ ከ7.2 ጀምሮ በሺፍት ኢስኬፕ እንደሚያወጣው ዓይነት። ከማወዳደራችሁ በፊት ሀ፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ከነእርባታቸው ወደ አንድ አምጧቸው። አለዚያ «ሒሳብ» ብሎ የጻፈ ሰው «ሂሳብ» የተባለውን ትዕዛዝ አያገኘውም።