ጋዝ ያለው ውሃ ለነዳጅ ጉድጓድ፦ ከሕዝብ ገንዘብ ይደጎም ወይ?

አወያይ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ውሃ ውስጥ አሟሙቶ የቀረውን ነዳጅ ለማውጣት ያረጀ የነዳጅ ክምችት ውስጥ በግፊት ማስገባት «የአየር ንብረት መፍትሔ» ተብሎ መደጎም አለበት? መድረኩ የእናንተ ነው።

መሐንዲሱ፦ አለበት እላለሁ። ተራ ውሃ ገፍቶ ገፍቶ ሲያበቃ፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ድፍድፉ (ያልተጣራው ነዳጅ) በድንጋዩ ቀዳዳ ተይዞ ይቀራል። ጋዙ ግን ከውሃ ይልቅ በዘይት ውስጥ በደንብ ስለሚሟሟ፣ ድፍድፉን ሲያገኝ ወደ እሱ ይሻገራል። ያን ጊዜ ድፍድፉ ያብጣል፣ ይቀጥናል፣ የተበታተነው ጠብታ ተገናኝቶ መፍሰስ ይጀምራል። ጋዙን ብቻውን ብትልኩት ቀላል ነውና ከላይ ከላይ ሾልኮ ያልፋል። ጋዝ የገባበት ውሃ ከተራው ውሃም ትንሽ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኦክላሆማ ውስጥ ተሠርቶበታል፤ አዲስ ነገር አይደለም።

የኬሚስትሪ መምህሯ፦ አሠራሩን አልክድም፣ ኢንጂነር። ግን ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና እንቁጠረው። በ100 ባር ግፊትና በ50 ዲግሪ ሙቀት አንድ በርሜል ውሃ የሚይዘው ጋዝ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ጨው ካለበት ደግሞ ያንሳል። አንድ በርሜል ድፍድፍ ሲቃጠል የሚለቀው 430 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የአንዱን በርሜል ጭስ ለማካካስ ከ50 በርሜል በላይ ውሃ ከነጋዙ መሬት ውስጥ መቅረት አለበት! ይህን መፍትሔ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

መሐንዲሱ፦ አይስላንድስ፣ መምህር? ሄትሊስሄይዲ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ውሃ ውስጥ አሟሙተው ካስገቡት ጋዝ 95 በመቶ የሚሆነው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ድንጋይ ሆኗል።

የኬሚስትሪ መምህሯ፦ እሱ ባዛልት፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነው፤ ጋዙን የሚያስር ካልሲየምና ማግኒዥየም ሞልቶታል። ነዳጅም አልተቀዳበትም። አብዛኛው ነዳጅ ያለው በአሸዋ ድንጋይና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የኖራ ድንጋዩን ደግሞ ይህ አሲዳማ ውሃ ይበላዋል።

የጥገና ባለሙያው፦ ድንጋዩን ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ውሃ ያለፈበት የብረት ቧንቧ በእጄ ቆርጬ አይቻለሁ። ውጩ ደህና ነው፤ ቀለሙ እንኳ አልተነካም። ውስጡ ግን ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። ዝገት መከላከያውንና የማይዝገውን ብረት ማን ይክፈል? ድጎማ ሲባል ይሄም ይታሰብ።

መሐንዲሱ፦ እሺ፣ ሐሳቤን ላስተካክል። ድጎማው በወጣው በርሜል ሳይሆን መሬት ውስጥ በቀረው ጋዝ፣ በኪሎ ተለክቶ ይከፈል።

የኬሚስትሪ መምህሯ፦ እዚህ ላይ እንገናኛለን። ከድፍድፉ ጋር ተመልሶ የሚወጣው ጋዝም ይቀነስ፤ ለኪው ግን ተከፋዩ ራሱ አይሁን።