ውሃው ጠርቷል፣ ዓሣዎቼ ግን እየሞቱ ነው

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። 60 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ ከጀመርኩ 9 ቀኔ ነው። ውሃ ሞላሁ፣ ማጣሪያውን አበራሁ፣ በማግስቱ 5 ዓሣ ጨመርኩ። ሁለቱ ሞቱ። የቀሩት ውሃው አፍ ላይ ወጥተው ያለከልካሉ። ውሃው ግን ኩልል ያለ ነው! ምን አጠፋሁ?

መልስ
አይዞህ፣ እኔም እንደዚሁ ነው የጀመርኩት። የጠራ ውሃ ያታልላል፤ ዓሣ የሚገድለው አሞኒያ የሚባል መርዝ በዓይን አይታይም። ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ ይመጣል። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይቀይራል። እነዚህ እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አሁኑኑ ግማሹን ውሃ ቀይር። አዲሱ ውሃ ላይ የክሎሪን ማጥፊያ ጨምር። ምግብም ቀንስ።

ጠያቂው
ወይ ጉድ! እኔ እኮ ትናንት የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት።

ሌላ መልስ
በቃ፣ የነበሩህንም ጥቂት ባክቴሪያዎች በቧንቧው ውሃ ክሎሪን ፈጀሃቸው! ባክቴሪያው በብዛት የሚኖረው እዚያው ስፖንጅ ላይ ነው። ከእንግዲህ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ብቻ አድርገው። ቡናማ ቢመስልም ተወው። ጤነኛ ዓሣ ያለው ጓደኛ ካለህ ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ለምነው። የእኔ ገንዳ በዚያ ነው ቶሎ የተስተካከለው።