ቢሲኤም ይቀየር ተብያለሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ምን ማረጋገጥ አለብኝ? (ጎንደር)

የማራኪው አሽከርካሪ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። የምይዘው እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረተ ጃፓን ሠራሽ የቤት መኪና ሲሆን ያለፈው ክረምት ከበረታ ወዲህ እንግዳ ጠባይ አምጥቷል። ቆሞ ሳለ ፍሬቻው በራሱ ይበራል፤ በሮቹ ማንም ሳይነካቸው ይቆለፋሉ፤ የዝናብ መጥረጊያው ከተዘጋ በኋላም መሥራቱን አያቆምም፤ ጠዋት ላይ ደግሞ ባትሪው ሞቶ ይገኛል። አልፎ አልፎም ክሩስኮቱ ላይ ያለው የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም እያለ ሞተሩ አልነሳ ይላል።

ያሳየሁት ጋራዥ በስካነር አይቶ ዩ0140 የሚል ኮድ አገኘ፤ መብራቱን፣ በሮቹንና መጥረጊያውን የሚያዘው ኮምፒውተር (ቦዲ ኮንትሮል ሞጁሉ፣ በአጭሩ ቢሲኤሙ) ተቃጥሏልና ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አስመጥቼ እንዳስገጥም ነገረኝ። ዋጋው ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ሻጩም አንዴ ከተገጠመ አልመልስም ብሏል። ሥራዬ ወደ ደባርቅ የሚያመላልሰኝ በመሆኑና በዚያ መንገድ ጉም ሲወርድ ያለ መብራትና ያለ መጥረጊያ መሄድ የማይታሰብ ስለሆነ ጉዳዩን ማቆየትም አልችልም። ሞጁሉ በእርግጥ መበላሸቱን በምን አውቃለሁ? ከሌላ መኪና የወጣ ቢገጠምስ እንዲሁ ይሠራልን?

የአዘዞው ኤሌክትሪሻን

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች በሙሉ ቢሲኤሙ ከሚያዛቸው ሥራዎች ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ዩ0140 የሚለው ኮድ ሞጁሉ መቃጠሉን አይናገርም። የሚናገረው ሌላ ኮምፒውተር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ፣ ከቢሲኤሙ መልእክት ማግኘት እንዳቃተው ብቻ ነው። ስልክ ደውለንለት ያላነሳ ሰው ሞቷል ብለን እንደማንደመድም ሁሉ፣ መልስ ያልሰጠ ሞጁልም ኃይል ተቋርጦበት፣ ማሳው (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ) ላልቶ ወይም የመገናኛ ሽቦው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በዚህ አንድ ኮድ ብቻ ደህና የሆነ ሞጁል ወጥቶ ሲጣል ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከባትሪው ይጀምሩ። መኪናው ካደረ በኋላ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። ባትሪው ደክሞ ወይም ዲናሞው ሳይሞላ ሲቀር ቢሲኤም እርስዎ የገለጹትን ዓይነት የተምታታ ሥራ ይሠራል፤ ያ ሳይስተካከል ሌላ ምርመራ መቀጠል ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ ወደ ሞጁሉ የሚገባውን ኃይል ይፈትሹ። ቢሲኤም በአንድ ፊውዝ ብቻ አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ ለመብራት፣ ለበር መቆለፊያና ለራሱ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ መስመሮች ይገቡለታል። እዚህ ላይ መልቲሜትር ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችል ልብ ይበሉ፤ ዝጎ በጥቂት ክር የተያዘ ሽቦ ጭነት እስካልተጫነበት ድረስ 12 ቮልት ያሳያል። አምፖል ያለው ቴስተር ተሰክቶ አምፖሉ በደንብ መብራት አለበት። ማሳውን ለመፈተሽ ደግሞ የፊት መብራቱንና የአየር ማራገቢያውን አብርተው፣ ሶኬቱ እንደተሰካ ከሞጁሉ የማሳ ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስ ያለውን ቮልቴጅ ይለኩ፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ከሆነ ማሳው ችግር አለበት። የመኪናው አካል ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈትቶ፣ ቀለምና ዝገቱን ጠርጎ መልሶ ማሰር ብዙ ጊዜ ሞጁል ከመግዛት ያድናል።

ኮምፒውተሮቹ መልእክት የሚለዋወጡበት የመገናኛ መስመር ካን ይባላል፤ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው አሠራር ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተው በስካነሩ መሰኪያ 6ኛና 14ኛ ቀዳዳ መካከል ኦም ይለኩ። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ባለ 120 ኦም መቋቋሚያዎች ስላሉ ንባቡ 60 አካባቢ መሆን ይገባዋል። 120 ካሳየ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል። ሁለቱም ሁኔታዎች አዲስ ሞጁል በመግጠም አይድኑም። 60 ማሳየቱም ብቻውን ቢሲኤሙ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ወደ እርሱ የሚገነጠለው ሽቦ ለብቻው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ያንን እስከ ሞጁሉ ሶኬት ድረስ መከታተል ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ችግሩ የጀመረው በክረምት ነው ብለዋልና ከክሩስኮቱ ሥር ያለውን ምንጣፍ በእጅዎ ይዳስሱ። ከፓራብሬዛው ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ ይወርዳል፤ በተለይ ባሕር ዛፍ ሥር የሚያድሩ መኪኖች ላይ ይህ በየዓመቱ የሚታይ ነገር ነው።

ባለመኪና ከባሕር ዳር

ስለ ግዢው ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። የወንድሜ መኪና ላይ ከሌላ መኪና የወጣ ቢሲኤም ተገጥሞ መብራቱና መጥረጊያው ወዲያው ሠሩ፤ ሞተሩ ግን አልነሳም፤ ምክንያቱም የመጣው ሞጁል የሚያውቀው የቀድሞውን መኪና ቁልፍ ነበር። መግዛት ግድ ከሆነ በሞጁሉ ላይ የተለጠፈውን የዕቃ ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ ፎቶ አንሥተው ለሻጩ ይላኩ፤ ሞዴሉና ዓመቱ አንድ ሆኖ እንኳ የጉም መብራት ያለውና የሌለው መኪና የተለያየ ሞጁል ሊይዙ ይችላሉ። አሮጌውን ሞጁል ደግሞ በምንም ምክንያት በለውጥ አይስጡ።

ቦርድ ጠጋኝ

ከላይ ስለ ለውጥ የተሰጠው ምክር በጣም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱን ላብራራ። አሮጌው ሞጁል ቢበላሽም እንኳ የመኪናው ማንነት የተመዘገበው በውስጡ ባለች ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ላይ ነው። ጠያቂያችን የመኪናቸውን ምርት ስላልጠቀሱ በጠቅላላው እናገራለሁ። በብዙ የኒሳን መኪኖች የቁልፍ መለያው ከቢሲኤሙ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ሲቀየር የድሮው ሞጁል ቅንብር ኮንሰልት በሚባለው የኩባንያው መሣሪያ አስቀድሞ ተነቦ አዲሱ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያም ቁልፎቹ በሙሉ እንደገና ይመዘገባሉ። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ግን ዋናው የቦዲ ኮምፒውተር ከክሩስኮቱ ሥር ካለው ፊውዝ ሳጥን ጀርባ ላይ የሚሰካ ሲሆን፣ የቁልፍ መለያው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ክፍል ወይም በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚገኝ መቀየሩ ይቀላል። የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ደግሞ የሻንሲ ቁጥራቸው ተጽፎላቸው ከሌባ መከላከያው ጋር እንደገና መተዋወቅ ይፈልጋሉ።

ለእኔ ግን ከመቀየር በፊት የሚቀድመው መጠገን ነው። እነዚህ ቦርዶች ላይ በብዛት የሚበላሸው ኮምፒውተሩ ራሱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነው፦ ቦርዱ ላይ የተበየደው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ነጥቡ ተጣብቆ ይቀራል፣ መብራትና ሞተር የሚነዱ ትራንዚስተሮች ሾርት ያደርጋሉ፣ የሶኬቱ እግሮች ብየዳ ይሰነጠቃል፣ ውሃ የገባበት ደግሞ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። መጥረጊያው አልቆም ማለቱ የተጣበቀ ሪሌን በእጅጉ ያስጠረጥራል። ዋናው ቺፕ እስከዳነ ድረስ ሪሌውና ትራንዚስተሩ ተቀይረው መኪናው በራሱ ሞጁልና በራሱ ቁልፍ ይነሳል፤ ፕሮግራም የሚባለው ጣጣም አይመጣም። ቦርዱ ጨርሶ ቢሞት እንኳ የማስታወሻ ቺፑ መረጃ ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ ተነቦ ተመሳሳይ የዕቃ ቁጥር ባለው ያገለገለ ቦርድ ላይ ሊጻፍ የሚችልበት ዕድል በብዙ ሞዴሎች አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እርጥብ ቦርድ ሲገኝ ቤንዚን አይንካው፤ ፀሐይ ላይ አድርቆ መልሶ መግጠምም አያዋጣም፤ ጨውና ዝገቱ እዚያው ስለሚቀር ኃይል ሲያገኝ መብላቱን ይቀጥላል። ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ለስላሳ ብሩሽ መታጠብ አለበት። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል ብዙ ውሃ ስላለበት ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

የማራኪው አሽከርካሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ ቅደም ተከተል በባለሙያ አስለካሁ። ባትሪው ተሞልቶ ካደረ በኋላ 12.5 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ቮልት አሳይቷል፤ ኃይል የሚገባባቸው መስመሮች አምፖሉን በደንብ ያበራሉ፤ የማሳው ልዩነት 0.04 ቮልት፣ የካን መስመሩ 60 ኦም ሲሆን እስከ ሞጁሉ ሶኬት ድረስም አልተቋረጠም። በአሽከርካሪው በኩል ያለው ምንጣፍ ግን ከሥሩ እርጥብ ነበር፤ ከፓራብሬዛው ሥርም ቅጠል ታጭቆ ተገኝቷል። ሞጁሉ ሲከፈት በአንዱ ጥግ አረንጓዴ ዝገት አለበት። አሁን ወደ ጥገና ልሰጠው ወስኛለሁ። ሲመለስ በአገጣጠሙ ላይ ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለ ንገሩኝ።

የአዘዞው ኤሌክትሪሻን

እንግዲህ ሞጁሉ መበላሸቱ በማስረጃ ተረጋገጠ፤ ሻጩ ዘንድ መሄድም አላስፈለገም። ለጠጋኙ ሲሰጡ ከማንኛውም ብየዳ በፊት የማስታወሻ ቺፑን አንብቦ ቅጂውን እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ሞጁሉ በጥገና ላይ እያለ የውሃ መውረጃውን ያስጠርጉ፤ ከዚያም ፓራብሬዛው ላይ በጎማ ውሃ አፍስሰው ወደ ውስጥ የሚገባ አለመኖሩን ይመልከቱ። ፓራብሬዛው ከዚህ ቀደም ተቀይሮ ከሆነ ማጣበቂያው ዙሪያውን ይታይ። ውሃው ሳይቆም ሞጁሉን መመለስ ገንዘብን መጣል ነው።

ሲገጠም የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፤ ወዲያው እጅ አይግባ። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ፣ ኒሳን ቢያንስ 3 ደቂቃ መጠበቅን የሚያዝዙት በኤርባጉ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወጣ ድረስ ነው። ቢጫ ሶኬቶችን በቴስተር አይንኩ፤ የኤርባግ ናቸው። ሶኬቶቹም ዝገው እንደሆነ ይታዩ፤ የዳነ ቦርድ በዛገ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ብዙ አይቆይም።

ምናልባት ፕሮግራም ማድረግ ቢያስፈልግ፣ መብራት በድንገት ሊቋረጥ ስለሚችል በቻርጀር ከመታመን ይልቅ ሙሉ የተሞላ ሁለተኛ ባትሪ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ አገናኝተው ይሥሩ፤ በመጻፍ ላይ እያለ ቮልቴጅ የወረደበት ሞጁል ላይመለስ ይችላል። ሁሉም ካለቀ በኋላ መኪናውን ቆልፈው ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቁና ከባትሪው የሚወጣውን ኤሌክትሪክ በአምፔር መለኪያ ይለኩ። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ባትሪዎ ጠዋት ሞቶ አይጠብቅዎትም፤ ከዚያ ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው መስመር እንደሚበላ መፈለግ ይኖርብዎታል። ውጤቱን እዚህ ቢጽፉልን በዚያው እንቀጥላለን።