የአማርኛ ፎንቱ ስልክ ላይ እምቢ አለኝ

ሰላም ቤተሰብ። ፒያሳ ማታ ማታ ዌብ ዲዛይን እየተማርኩ ነው። የገጹን ይዘት የሚያዋቅረው ኤችቲኤምኤል ብዙም አላስቸገረኝም፣ መልኩን የሚወስነው ሲኤስኤስ ግን ራሴን አዞረው። መለማመጃ እንዲሆነኝ አራት ኪሎ ላለ ጁስ ቤት የሜኑ ገጽ እየሠራሁ ነው። ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውሱ ውስጥ ባለው ኒያላ በሚባል የአማርኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) አሪፍ ሆኖ ይታያል፣ ስልክ ላይ ስከፍተው ግን ሌላ ፎንት ይመጣና መስመሩ ተሰብሮ ዋጋው ከጁሱ ስም ሥር ይወድቃል። የአማርኛ ፊደል በትክክል እንዲነበብ የሚያደርገውን ዩቲኤፍ 8 አስገባ እንዳትሉኝ፣ አስገብቻለሁ፤ ይነበባል እኮ! አስተማሪው "ፎንቱን ከገጹ ጋር ጫነው" ብሎኝ ክላሱ አለቀ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት አውርጄ በፎንት ፌስ (ፎንት በሚጠራው የሲኤስኤስ ትእዛዝ) ጠራሁት፣ ምንም ለውጥ የለም። ፋይሉን የማያገኘው ይመስለኛል። ፎንቱ ሲኤስኤሱ ካለበት ውጭ ሌላ ፎልደር ውስጥ ከሆነ አድራሻው እንዴት ይጻፋል? ደግሞ ዳታ እንዳይበላ ለዌብ ተጨምቆ ወደሚቀመጠው የፎንት ፋይል ዓይነት፣ ወደ ዎፍ 2 ልቀይረው? የምታውቁ እባካችሁ ኮዱን ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ማሳየት አለብኝ።