የጠፈር ተመራማሪ የአገር ተቋም ሲመራ ሳይንሱ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦
የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን የሕንዳዊውን የዩ. አር. ራኦን የሥራ ታሪክ ስከታተል አንድ ነገር ከነከነኝ። ራኦ በአሜሪካ ሳሉ በፓዮኒርና በኤክስፕሎረር መንኮራኩሮች የኮስሚክ ጨረርን ያጠኑ ተመራማሪ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1994 የሕንድን የጠፈር ምርምር ድርጅት (ኢስሮን) በሊቀመንበርነት መርተዋል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው ወንበሩን ሲረከብ ምርምሩን ተሰናብቶ ነውን?

መልስ 1፦
ስንብቱ የተጀመረው ከሹመቱ በፊት ይመስለኛል። ራኦ በ1966 ወደ አገራቸው ተመልሰው በአህመዳባድ ምርምራቸውን ቢቀጥሉም፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሕንድን የመጀመሪያ ሳተላይት የመሥራት ኃላፊነት ተሰጣቸው። አርያብሃታ የተባለችው ይህች 360 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሳተላይት ባንጋሎር አጠገብ ፒንያ በሚገኙ የኢንዱስትሪ መጋዘኖች ተገጣጥማ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1975 በሶቪየት ሮኬት መጠቀች። የኤክስሬይ ሥነ ፈለክን ጨምሮ የተሸከመቻቸው የሳይንስ ሙከራዎች ግን በኃይል አቅርቦት ብልሽት ምክንያት በቀናት ውስጥ ተቋረጡ። ለተመራማሪ ይህ መራራ ነው፤ ሳተላይት መሥራትን የተማሩ ወጣት መሐንዲሶችን ላፈራ ኃላፊ ግን ሥራው ተሳክቷል።

መልስ 2፦
በዚህ አልስማማም። በራኦ ዘመን ኤኤስኤልቪ የተባለው ሮኬት በመጋቢት 1987 ሲተኮስ የጎን ሞተሮቹ ነዳጃቸውን ጨረሱ፣ ዋናው የመጀመሪያ ደረጃ ሞተር ግን ሳይቀጣጠል ቀረ፤ በሐምሌ 1988 የተተኮሰው ሁለተኛውም ከሸፈ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የወደቀን ሮኬት መርምሮና አስተካክሎ በ1992 ሳተላይት ምሕዋር ላይ ማድረስ፣ የውድቀትን መንስኤ ከመረጃ አንጥሮ ማውጣትን ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ራኦ ከጨረር ጥናታቸው ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። ፒኤስኤልቪ የተባለው ሌላው የኢስሮ ሮኬትም በመስከረም 1993 በመጀመሪያ በረራው ወደቀ። በጥቅምት 1994 ሲሳካ ወንበሩ ላይ የነበሩት ካስቱሪራንጋን ናቸው፤ እሳቸውም፣ ልብ ይበሉ፣ የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ሰው ነበሩ።

መልስ 3፦
ጠያቂው ከራኦ በፊት የነበሩትን ሳቲሽ ዳዋንንም ቢመለከቱ መልካም ነው። የአየር በረራ መሐንዲሱ ዳዋን ኢስሮን ከ1972 እስከ 1984 ሲመሩ፣ በባንጋሎር የሚገኘውን የሕንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ዳይሬክተርነት እስከ 1981 ድረስ አልለቀቁም። ሁለቱን አጣምሮ መያዝ የተቻለው ግን የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ባንጋሎር ስለነበረ ጭምር ነው፤ ለማንኛውም ተሿሚ የሚገጥም ዕድል አይደለም።