ኦታኮን ላይ ከፋንፊክ ጓደኞቼ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልገናኝ ነው፤ ምከሩኝ

ዘጠነኛ_ምዕራፍ

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ 23 ዓመቴ ነው። አምስት ሆነን ፋንፊክ፣ ማለትም በምንወዳቸው ታሪኮች ገጸ ባሕርያት የራሳችንን ታሪክ፣ የምንጽፍበት ቡድን አለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አንዳችን የሌላውን ምዕራፍ ስናነብ፣ ስናርም፣ ስንጨቃጨቅ ኖረናል፤ በአካል ግን ተያይተን አናውቅም። ዘንድሮ ኦታኮን በሚባለው የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) አድናቂዎች ጉባኤ ላይ እንገናኝ ተባብለናል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከነሐሴ 2 እስከ 4፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 8 እስከ 10 ማለት ነው። አንዷ ሐበሻ ናት፣ ከዳላስ ትመጣለች። ሁለቱ ከኒው ጀርሲ በመኪና፣ አንዱ ከቶሮንቶ።

ሦስት ነገር አስጨንቆኛል። አንደኛ፣ እንደዚህ ዓይነት ቦታ ሄጄ አላውቅም፣ ሕዝብ ሲበዛ ደግሞ ይጨንቀኛል። እናቴም "በአካል ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ሦስት ቀን?" ብላለች፣ እውነቷን ነው። ሁለተኛ፣ ፍልሰታ ከዋዜማው ሐሙስ ይገባል፣ እኔ ደግሞ እጾማለሁ።

ሦስተኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። እያንዳንዳችን ከጻፍነው አንድ ነገር ጮክ ብለን ልናነብ ተስማምተናል። የምለጥፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ግን በአማርኛ የጻፍኩት፣ የትም ያልለጠፍኩት ዘጠኝ ምዕራፍ አለኝ። ያነበበችው የዳላሷ ብቻ ናት። "እሱን ነው የምታነቢው፣ በቃ" ትለኛለች። ሌሎቹ አማርኛ አይሰሙም። ምን ትሉኛላችሁ?

ከባልቲሞር_ጀምሮ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ኦታኮን ባልቲሞር እያለ ነው የጀመርኩት። በፈረንጆቹ በ1994 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ተጀምሮ፣ ከ1999 እስከ 2016 ባልቲሞር ቆይቶ፣ በ2017 ነው ዲሲ የገባው። የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ግራ ከገባሽ ጠይቂያቸው።

ሕዝቡ ከ40 ሺህ በላይ ነው። የሚያስፈራው ግን ቁጥሩ አይደለም፣ ጓደኞችሽን ማጣት ነው። ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ የስልክ ባትሪም ከሰዓት በኋላ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ቦታ ምረጡ፤ "ከተጠፋፋን በየሦስት ሰዓቱ እዚህ" ተባባሉ። በስልክ ከመፈላለግ ይሻላል።

ካንቺ ሰፈር የሜትሮ ባቡሩን ቀይ መስመር ያዢ፣ ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው ቀይሪ፣ ማውንት ቨርነን ስኩዌር ውረጂ። መውጫው እዚያው ኮንቬንሽን ሴንተሩ ጋ ነው። ማታ ቤትሽ መግባት ስለምትችይ ሆቴል ማደር ግዴታ አይደለም፣ ይሄ የእናትሽን ጭንቀት በግማሽ ያቀልልሻል። ለቀሪው ግማሽ ደግሞ ሐሙስ ማታ አብራችሁ እራት ብሉ፣ እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ። አትፈሪ። እኔ ያኔ የ19 ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴን ይዤ ሄጄ ነበር፣ ጓደኞቼን አንድ በአንድ ጨብጦ "ልጄን አደራ" ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ "አባትህ እንዴት ናቸው?" ይሉኛል።

ኮስፕሌይ (እንደ ገጸ ባሕርይ መልበስ) ካላችሁ ስለት ያለው ብረት አይገባም፤ የውሸቱ ሰይፍም በር ላይ ይታያል። የለበሰ ሰው ፎቶ ስታነሺ አስፈቅጂ፣ አንቺንም ሳያስፈቅድ የሚነካሽ ሰው ካለ ለሠራተኞቹ ንገሪ። በእንግዳ ሰው መሀል ዝም ማለት የለም።

ሌላው፣ ኮን (እንዲህ ያለ ጉባኤ) የለመዱ ሰዎች "አምስት፣ ሁለት፣ አንድ" ይላሉ፤ በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ሻወር። ቀላል ይመስላል እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት ማን እንዳልጠበቀው ፊቱ ላይ ታያለሽ።

የሻው_እናት

ልጄ፣ ስለ ጾሙ እኔ ልንገርሽ። ሰዓት የምትጠብቂው ዓርብ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት መከልከል እንጂ ሰዓት መጠበቅ የለም፣ ጠዋት ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ። አዳራሹ ውስጥ የሚሸጠው ዶሮና አይብ የበዛበት ነው፣ ውድም ነው። ቆሎ በላስቲክ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ያዢ። ለምሳ ደግሞ በአረንጓዴው መስመር ሁለት ፌርማታ ብትሄዱ ዩ ስትሪት ናችሁ፣ በእግርም ሩቅ አይደለም። ዘጠነኛው መንገድ ላይ የኛ ምግብ ቤቶች አሉ። በያይነቱ አዝዢና አምስታችሁም ከአንድ ትሪ ብሉ። በጽሑፍ ብቻ የተዋወቀ ሰው መጀመሪያ አንድ ላይ ቢበላ ጥሩ ነው። ያ የቶሮንቶው ልጅ በእጁ መብላት ካልቻለ አጉርሺው።

ካዛንቺስ_ላይ

ከአዲስ አበባ ነኝ። እዚህ ስድስት ሆነን ካፌ ውስጥ እየተገናኘን በአማርኛ ፋንፊክ እንጽፋለን፣ ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄሽ የኔም ጥያቄ ነው። አንብቢው። በአማርኛ አንብቢው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ጃፓንኛ በሰው ስም ላይ "ሳን"፣ "ሳማ"፣ "ሴንፓይ" እያለ ክብርና ዕድሜ ይጨምራል። እንግሊዝኛ ይሄን ማስቀመጫ የለውም፤ ወይ እንዳለ ይተወዋል ወይ ይጥለዋል። እኛ አለን። "ሴንሴይ" (መምህር) ለሚለው የኔታ እላለሁ፣ የሰፈር ትልቅ ሰው ጋሼ ይሆናል፣ ታላቅ እህት እትዬ ትሆናለች። ሁለት ጓደኛሞች ከአንቱታ ወደ አንተ ሲወርዱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያህል ነገር በአንድ ግሥ ያልፋል። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ መምህሩን ተናዶ ድንገት "አንተ" ሲለው ጻፍኩ፣ ካፌው ውስጥ ያነበበችው ጓደኛችን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ዝም አለች። በእንግሊዝኛ "ዩ" ብል ማን ይደነግጥ ነበር?

የሚያስቸግርም አለ። አማርኛ ጾታ አይደብቅም። ጃፓንኛው ወንድ ይሁን ሴት ሳይናገር የሚያቆየውን ሰው እኛ በመጀመሪያው ግሥ እናጋልጠዋለን፤ "መጣ" ወይ "መጣች"። እኔ ሁለት ወር ተቸግሬ ያገኘሁት መላ "እሳቸው" ነው። "መጡ፣ ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውን አላወለቁም" ስትዪ ጾታው አይታወቅም፣ ክብሩ ግን አለ። ጭምብል ላደረገ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚያምር ሞክሪው።

ስለዚህ ጓደኞችሽ ቃሉን ባይሰሙ ድምፁን ይሰማሉ። አንድ ገጽ በአማርኛ አንብቢ፣ ከዚያ ትርጉሙን ስጫቸው። ዘጠኙንም ምዕራፍ ግን እንዳታነቢ፣ አደራ።

ወረቀት_ወዳጅ

በ"ካዛንቺስ_ላይ" እስማማለሁ፣ ግን ትርጉሙን አስቀድመሽ አትመሽ ስጫቸው እንጂ በኋላ አትናገሪ። በአንድ በኩል አማርኛ፣ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ፣ ስምንት ገጽ፣ መሀሉን በክር ሰፍተሽ። ጃፓን ውስጥ ኮሚኬት በሚባለው የአድናቂዎች የመጽሐፍ ገበያ ላይ በፈረንጆቹ ከ1975 ጀምሮ አድናቂዎች የራሳቸውን መጽሐፍ እያተሙ፣ ጠረጴዛቸው ኋላ ቆመው በእጃቸው ለአንባቢ ይሰጣሉ፣ ያ ልማድ ደስ ይለኛል። እነሱ ይሸጣሉ፣ አንቺ ግን በስጦታ ስጪ። ፋንፊክ እኛ ዘንድ በነፃ የሚነበብ ነገር ነው፣ እንደዚያው ይቆይ።

ኮሪደር ላይ እንዳታነቡ፣ ጫጫታው አያሰማም። ጂ ስትሪት ላይ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ነው፣ ጣሪያው ላይ የአትክልት ቦታ አለው፣ መግቢያ አይከፈልም።

እናትሽ "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው" ካሉ፣ ሁላችንም የምንለጥፍበት ድረ ገጽ፣ አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን፣ በፈረንጆቹ በ2019 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድና የፋንታሲ ሽልማት ማግኘቱን ንገሪያቸው።

ዘጠነኛ_ምዕራፍ

ተመልሻለሁ። ትናንት አለቀ፣ እግሬ አሁንም ያመኛል።

እናቴ ሐሙስ መጣች። በያይነቱ መጣ፣ የቶሮንቶውን ልጅ ያጎረሰችው እሷ ናት። ሦስት ጊዜ። ሽሮው ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፣ እሱም ዓርብ ያንኑ ሸሚዝ ሳያጥብ ለብሶ መጣ።

ያነበብነው ቅዳሜ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ላይ። አራተኛውን ምዕራፍ መረጥኩ፣ ተማሪዋ ከሄደች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሳ የመምህሯን በር የምታንኳኳበት። መጽሔቷን አትሜ በቀይ ክር ሰፍቼ ነበር። የዳላሷ ገና ሳልጀምር እጄን ያዘችኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ።

"የኔታ፣ እኔ ነኝ" የሚለው ጋ ስደርስ የቶሮንቶው ልጅ ጣቱን እንግሊዝኛው ገጽ ላይ አድርጎ ቀና አለ። "የኔታ ሴንሴይ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "'የኔ' የሚል ቃል አለበት ማለት ነው?" አለ፤ ለካ ሐሙስ እራት ላይ እናቴ "የኔ ልጅ" ስትለው ትርጉሙን ጠይቆ ይዞታል። ከየኔ ጌታ የመጣ ነው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እሱን መስመር ድገሚልኝ" አለኝ።

ደገምኩለት።