የኦንላይን ኮርስ ጥራትን በምን ልለካ? የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ አስተማሪ ነኝ። አካውንቲንግን በኦንላይን ልንጀምር ስለሆነ የጥራት መመዘኛውን አዘጋጅ ተብዬ ግራ ገብቶኛል።

የአሜሪካኖቹን ኳሊቲ ማተርስ አየሁት። ሜሪላንድ ውስጥ የተጀመረ፣ እዚያ ብዙ የማኅበረሰብ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት መመዘኛ ነው። ኮርሱ ለማለፍ 85 በመቶ ነጥብ ማምጣትና ግዴታ የተባሉትን መስፈርቶች በሙሉ ማሟላት አለበት። ዓላማው፣ ትምህርቱና ፈተናው እንዲገጣጠሙ ይጠይቃል። እሱ ጥሩ። ግን የሚመዝነው የኮርሱን አዘገጃጀት ነው። መምህሩ ከዚያ በኋላ ድምፁን ቢያጠፋስ?

የእኛ ተማሪዎች ብዙዎቹ ቀን ቀፊራ ሱቅ ውለው፣ ማታ በስልክ ነው የሚያጠኑት። የኤክሴል ሠንጠረዡን ሲከፍቱት ዴቢቱ ይታያል፣ ክሬዲቱ ከስክሪኑ ውጪ ይቀራል። አለቆቼ ደግሞ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ከተላከ በቃ ባይ ናቸው። እኔ አልስማማም፤ እሱ ፋይል ማደል እንጂ ማስተማር አይደለም።

እባካችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፦ መምህሩ ለተማሪ ጥያቄ በስንት ሰዓት ውስጥ ይመልስ ብላችሁ ደነገጋችሁ? ፈተናውን ራሱ ተማሪው መውሰዱንስ ያለ ካሜራ እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ፈተናውን ብቻ በአካል እንስጥ ብል ያስኬዳል? የሠራችሁበት ቅጽ ካለ፣ በአማርኛ ከሆነማ እሰየው፣ ብትልኩልኝ ውለታችሁን አልረሳም።